የሦስተኛ ክፍል ልጆች ዘንድሮ ምን ይማራሉ?

መስከረም 18

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድምጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን አሁንም ያማታል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ለክፉ አንሰጥም፤ ፈጣሪ ዐይኑን አላነሣብንም። የልጆቹ አባት ሥራ ሲገኝ ይሠራል። እኔም እዚያው ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። የማሽኑ እንፋሎት ፊቴን ወዝ በወዝ አድርጎታልና ብታየኝ የተመቸኝ ይመስልሃል።

ድንቡሼ ድንቡሽቡሽነቷ ቀርቶ መለሎ ሆናለች፤ ስሙ ብቻ ነው ከላይዋ አልወርድ ያለው። ታናሿ አባ ጥያቄም እንደ ስሙ ነው። ትናንት «ጥላዬ ማታ የት ነው የሚያድረው?» ብሎ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ።

ዛሬ የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ስለተከፈተ፣ በዚህ መንፈቅ አንደኛ ክፍሎችና ሦስተኛ ክፍሎች ምን ምን እንደሚማሩ በየትምህርቱ ጽፈህ ብትልክልኝ። ቋንቋውን፣ ሒሳቡን፣ ሳይንሱን፣ ሥዕሉን፣ ስፖርቱን ሳይቀር። እዚህ ከሚሰጣቸው ጋር ላስተያየው ብዬ ነው። ፊደላቸውንም እንዳይረሱ። ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ፤ ግን አንተን የመሰለ ርእሰ መምህር ወንድም እያለኝ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?

ጤናና ዕድሜ ከቤትህ አይጥፋ።

እኅትህ

ጥቅምት 14

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ደጃፍ ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። እማዬ ከጉልበቷ ጋር ታርቃለች፤ «እሱ ካላስቸገረኝ እኔ አላስቸግረውም» ትላለች። ደብዳቤሽን ሳነብላት «ስለ ትምህርት ጠየቀችህ? ያቺ ከትምህርት ቤት በአጥር ዘላ የምትጠፋዋ?» ብላ ስቃ ልትሞት።

አንቺ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ የምለፈልፈውን ነገር ነው የነካሽብኝ። በይ ስሚ።

አንደኛ ክፍሎች ገና እርሳስ አያያዝ ላይ ናቸው። ግማሾቹ እንደ ማንኪያ ነው የሚጨብጡት። ለመንፈቁ ፈተና ስማቸውን መጻፍና አጭር ዐረፍተ ነገር ማንበብ አለባቸው። በሒሳብ እስከ ሃያ መደመር። በሳይንስ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት፤ መምህርታቸው ዐይናቸውን በሻሽ አስራ ሎሚና ሽንኩርት እያሸተተቻቸው ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

ሦስተኛ ክፍሎች ምንባብ አንብበው በራሳቸው ቃል መልሰው ይናገራሉ። ተቃራኒ ቃል፣ ተመሳሳይ ቃል፤ ሐሙስ ሐሙስ ቃለ ጽሕፈት። በሒሳብ ከጎረቤት እየተበደሩ መቀነስና የማባዛት ሰንጠረዥ። ይህን እኔው ራሴ ነኝ የማስተምራቸው፤ መምህሩ ተዛውሮ ምትክ አልመጣም። ስለዚህ ቢሮ ስገባ እጅጌዬ ሁሉ ጠመኔ ነው። በሳይንስ የተክል ክፍሎች፤ ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ላይ ያበቅላሉ። በኅብረተሰብ አራቱ አቅጣጫዎች፤ ክፍላቸውን ከጣሪያ ላይ ሆነው እንደሚያዩት አድርገው ካርታ ያነሣሉ። ስፖርት ገመድ ዝላይና ዱላ ቅብብል። የሥዕሉ ርእስ «ትምህርት ቤቴ» ነው። ይሄንንማ አባ ጥያቄም ሥሎ ይላክልኝ፤ መምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

በምዝገባው ሰሞን ግን አበሳዬን አይቻለሁ። አንዲት ከሩቅ የመጣች ሴትዮ ልጆቼን መዝግቡልኝ ትላለች። የቀድሞ ትምህርት ቤታቸው መልቀቂያ የለ፣ የልደት ካርድ የለ፣ ምን የለ። ደጋግማ ተመላለሰችብኝ። በመጨረሻ «እመቤቴ፣ ትምህርት ቤት ገበያ አይደለም፣ ዝም ተብሎ አይገባበትም» ብዬ ሸኘኋት። መቼም ጨዋ ናት፤ በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ምን ላድርግ? ለአንዷ ከከፈትኩ ለሁሉም መክፈቴ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ድንቡሼ ዘንድሮ አምስተኛ አይደለችም እንዴ? «የእኅቴ ልጅ በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ አምስተኛ ገባች» ብዬ ለመምህራኑ ሁሉ ነዝቻለሁ። ታዲያ የሦስተኛው ምን ይሠራልሻል? የዓምናውን ውጤቷንም ላኪልኝ፤ የሚያሳየው ያለው ሰው ሆኜ ልዋል።

በርቱልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 12

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ደብዳቤህን ስንት ጊዜ እንዳነበብነው ብነግርህ ትስቃለህ፤ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

ባቄላው በቀለ! ከመስኮቱ ሥር በቆርቆሮ ክዳን ላይ አድርገነው፣ ልጆቹ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ፊታቸውን ሳይታጠቡ እሱን ነው የሚያዩት። መቀነሱንም ይዘውታል። አባ ጥያቄ ግን እኅቱ ስትሠራ እያየ «ከጎረቤቱ የተበደረውን መቼ ነው የሚመልስለት?» ብሎ አስቸግሯል። አይመልስም ብትለው «ሌባ ነዋ!» አለ። ድንቡሼ የቤታችንን ካርታ አንሥታለች፤ በሰሜን መስኮቱ፣ በደቡብ በሩ፣ ምድጃው በምሥራቅ።

ጥቂት ነገር ልጠይቅህ። መምህር ሲገባ ልጆቹ ይነሣሉ ወይስ ተቀምጠው ነው ሰላም የሚሉት? አንድ ዴስክ ላይ ስንት ሆነው ይቀመጣሉ? ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ልጅ ምን ብሎ ነው የሚጠይቀው? ዕረፍት ላይ ከማያውቁት ልጅ ጋር ለመጫወት መጀመሪያ ምን ይባላል? አባ ጥያቄ ነው እንዲህ የሚያደርቀኝ። መልሱን ካላገኘ አይተወኝም።

ስለ ድንቡሼ ውጤት፣ እዚህ ቶሎ አይሰጡም። ሲደርስ እልካለሁ። የሦስተኛውን የጠየቅኩህ እንድትከልሰው ብዬ ነው።

የአባ ጥያቄ ሥዕል ከዚህ ጋር አለ። ጽሑፉን እኅቱ አግዛዋለች። አልጋው ላይ ያለው ቀይ ነገር ብርድ ልብስ ነው። ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ በላት፣ ራሷ ጎንበስ ብላ።

እኅትህ

ታኅሣሥ 6

ለእኅቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሥዕሉ ደረሰኝ። ፖስታውን የከፈትኩት መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። እኔ ጅሉ በደንብ ሳላየው፣ «የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት ይኸውላችሁ፣ ከባሕር ማዶ!» ብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አየ። የስፖርት መምህሩ፣ ያ ቀልድ የማይጠፋው፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ አየውና «ጋሼ፣ የእኅትዎ ልጆች ትምህርት ቤት አልጋ አለው እንዴ?» አለ።

ዞሬ አየሁት። አልጋ። ምድጃ። መጋረጃው የተዘጋ መስኮት። አንዲት ረጅም ልጅ ጭልፋ ይዛ ግድግዳ ላይ ወዳለ ወረቀት ትጠቁማለች። አንድ ሕፃን የተገለበጠ ሣጥን ላይ ለብቻው ተቀምጧል። ከሁሉ አስበልጦ የሣለው ግን የበሩን ቁልፍ ነው። ከላዩ «ትምህርት ቤቴ» ይላል።

መሳቅ የጀመሩት እኔን አይተው አቆሙ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቤት ገብቼ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ሳነብ ሁሉም ነገር ወለል አለልኝ። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚጠየቅ እናቱን በደብዳቤ ያስጠይቃል?

ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ይህን ያህል ጊዜ ዐይኔን ጨፍነሽ ስትመሪኝ ኖረሻል። የሰው ልጅ ሳስተምር ጠጉሬ የሸበተ ሰው፣ የገዛ እኅቴ ልጆች ማይም ሆነው ሊያድጉ! ጠላት እንኳ እንዲህ አያዋርደኝም። ማስተማር ካልቻልሽ ምን ብለሽ ወለድሻቸው?

ለምን እንደዋሸሽኝ እስክታስረጂኝ ድረስ ከእኔ ትምህርት አትጠብቂ። ለእማዬ አልነገርኳትም። ፊት ካለሽ አንቺው ንገሪያት።

ወንድምሽ

ጥር 20

ይድረስ ለእታለም፣

ሰላም ነው ወይ? ደብዳቤሽ ቀረ። እማዬ ፖስተኛው ባለፈ ቁጥር ከበር ላይ ትመለሳለች። እኔ «መንገድ ይዞት ነው» እላታለሁ። «መንገድ ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለችኝ ትናንት። እንዴት እንደጠረጠረች እንጃ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ በብዕር የወጣማ እንዴት ይመለሳል? የመንፈቁ ፈተና አልቋል። የአንደኛና የሦስተኛ ክፍል የፈተና ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ብትጠቀሙበት። ለአባ ጥያቄ ደግሞ፣ መምህር ሲገባ ይነሣሉ። ዕረፍት ላይ መጀመሪያ «እኔም ልግባ?» ነው የሚባለው።

ሁለት መስመር ብትሆንም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 15

ይድረስ ለወንድምጋሼ፣

ሰላም ለቤትህ ሁሉ ይሁን። የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የጻፍኩትን ስቀድ ነው።

የታኅሣሡን ደብዳቤህን ማን ቀድሞ እንዳነበበው ታውቃለህ? ድንቡሼ። ፖስታው በበሩ ሥር ሲገባ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። «የአጎቴ ትምህርት መጣ» ብላ ለወንድሟ ልታነብለት ከፈተችው። ስገባ ሁለቱም አልጋው ጥግ ኩርምት ብለዋል፤ መብራት እንኳ አላበሩም። ታናሽየው ነው ቀድሞ የተናገረ፦ «እማ፣ እኛን ስለወለድሽን አጎቴ ተቆጣሽ?»

እንግዲህ ልንገርህ። አባታቸው ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ የመኖሪያ ፈቃዳችንም አብሮ ተዘጋ። ድንቡሼ ያኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር። አንድ የምናውቀው ሰው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ፈሪ ሆኖ ነው፣ «ትምህርት ቤት ወረቀት ይጠይቃል። ከሌላችሁ ለፖሊስ ይናገራሉ፣ ቤተሰቡን ጠቅልለው ይሰዱታል» አለን። እኔም እስኪስተካከል ትቆይ አልኩ። እስኪስተካከል፣ እስኪስተካከል ስል ሁለት ዓመት አለፈ። አባ ጥያቄማ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

ጠዋት ስወጣ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ከበታቻችን አንዲት አሮጊት ይኖራሉ፤ ኮሽታ ሲሰሙ ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ልጆች በትምህርት ሰዓት ቤት መዋላቸውን ቢያውቁ ለማን እንደሚናገሩ ምን ይታወቃል? ስለዚህ ልጆቼ በሹክሹክታ ነው የሚማሩት። ፊደሉን በሹክሹክታ፣ የማባዛት ሰንጠረዡን በሹክሹክታ፣ መዝሙሩን ሳይቀር። ስፖርቱን በካልሲ ፍራሽ ላይ። ያንተ ዱላ ቅብብል እኛ ቤት ከአልጋው እስከ ምድጃው ነው፤ ዱላው ጭልፋ፣ ሩጫው በእግር ጣት። ድንቡሼ ቁጡ መምህርት ናት። ጠዋት የሠፈሩ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ሲያልፉ ወንድሟ በመጋረጃው ጫፍ ሾልኮ ያያቸዋል። እሷ ግን አታይም። ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች። አብረዋት ይማሩ የነበሩ ልጆች ናቸው።

ሰው «ልጆችሽ ስንተኛ ክፍል ናቸው?» ሲለኝ አፌ ላይ የመጣውን እላለሁ። ሥራ ቦታም፣ ገበያም፣ ላንተም። በየዓመቱ በአፌ ክፍል ሳሻግራት ቆየሁና አምስተኛ አደረስኳት።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኝ ይሆናል። በልቤ ልነግርህ ወስኜ ነበር፤ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፍኩልህም ለሱ መንደርደሪያ ብዬ ነው። ከዚያ የጥቅምቱ ደብዳቤህ መጣ። ስለመለስካት ሴትዮ ጽፈህልኛል። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች ብለሃል። ወንድምጋሼ፣ ያቺ ሴት እኔ ነኝ። እሷ አንኳኩታ ተመለሰች፣ እኔ ሳላንኳኳ ተመለስኩ፤ ሌላ ልዩነት የለንም። የእናቴ ልጅ እንዲህ ካለ ባዕድማ ምን ሊል ነው ብዬ የቀረችኝ ቅንጣት ድፍረትም ሟሸሸች።

ላሳዝንህ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ፈተናውን ተፈትነዋል። ድንቡሼ ወንድሟን ፈትና፣ «አትኮርጅ!» ስትለው «ከማን?» ብሎ ዞር ዞር አለ። የመልስ ወረቀታቸውን ልኬያለሁ። ከፈቀድክ አርምልኝ።

እኅትህ

መጋቢት 5

ይድረስ ለእታለም፣

 ደኅንነታችሁን ያሰማኝ።

ደብዳቤሽን ቢሮዬን ዘግቼ አነበብኩት። ደወል ተደወለ፤ አልወጣሁም። ሦስተኛ ክፍሎች መምህር ጠፋ ብለው ሲጮኹ እሰማለሁ፤ አልተነሣሁም። ልጁ የጠየቀሽ ጥያቄ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሰው በገዛ ጽሑፉ እንዲህ ሲያፍር አይቼ አላውቅም።

ያችን ሴትዮ ልፈልግ ወጣሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወፍጮ ቤት ስትሠራ አይቻታለሁ አለኝ። ሄድኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ «ሄዳለች፣ ልጆቿን ይዛ ሄዳለች» አለኝ።

«ወዴት ሄደች?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! እርስዎ ማን ነዎት?»

«የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እ» አለና ወደ ወፍጮው ተመለሰ። ነግራዋለች ማለት ነው። ወይም እሱም ገምቷል። ያችን «እ» ይዤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ መምህራኑን ሰብስቤ ሴትዮዋን እንዴት እንደመለስኳት ነገርኳቸው። ያንቺን አላነሣሁም፣ የራሴን ብቻ። የአባ ጥያቄን ሥዕል ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ሸሽጌው ነበር። አውጥቼ እዚያው ቦታው ለጠፍኩት። የስፖርት መምህሩ ገብቶ አየው። ቀልድ የለ፣ ምን የለ። የአንዱን ጥግ ማጣበቂያ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎለት ወጣ።

አሁን ልምከርሽ። እንደ ወንድም አይደለም፤ ሰው እንደሚመልስ ርእሰ መምህር ነው። ይህን ሙያ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ጠዋት በደወል ሰዓት አትሂጂ፤ ያኔ ራሳችንንም አናውቅም። ከመጀመሪያው ዕረፍት በኋላ ሂጂ። ዘበኛው ጋ አትዘርዝሪ፤ ርእሰ መምህሩን ነው የምፈልገው ብቻ በይ። ስለሌለሽ ወረቀት አትጀምሪ። ስለ ልጆቹ ጀምሪ፤ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚችሉትን። ያረምኩትን ፈተና አሳዪ። ከሁሉም በላይ ልጆቹን ይዘሻቸው ግቢ። ያቺ ሴት ልጆቿን ውጭ አቁማቸው ነበር። ሳላያቸው ነው የመለስኳት። ባያቸው ኖሮ አልመልሳትም ነበር ብዬ አልምልም። ግን ቃሉ ከአፌ እንደዚያ ቀሎ አይወጣም ነበር።

እምቢ ካሉሽ ልጆቹን ወደኔ ላኪያቸው፤ መንገዱን ተጋግዘን እንፈልጋለን። ያ ሰው እንዳላችሁ ቢሆንስ ብለሽ ትፈሪያለሽ፤ እኔም ከዚህ ሆኜ እፈራለሁ። ግን በተቆለፈ በርም ፍርሃቱ አልቀረላችሁም።

አባ ጥያቄ መደመሩን አንድም አልሳተም። ድንቡሼ ከስምንት በላይ ያለውን ሰንጠረዥ ታምታታዋለች፤ የኔም ተማሪዎች እንደዚያው ናቸው፣ የመምህራቸው ጥፋት ነው በያት። በውስጥ ያለው የታሸገ ፖስታ የሷ ነው። አንቺ አትክፈችው። ከልጅ ይቅርታ ስጠይቅ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «እኔ ያኔ ከትምህርት ቤት ስትጠፋ በአርጩሜ መለስኳት፤ አንተ በምንህ ልትመልሳት አሰብክ?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። እስካሁንም አልመለሰችልኝም።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 24

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ፣

ጤናህ ይብዛ፣ እማዬም ፊቷን ትመልስልህ። ከኔ ነው በላት፤ እኔ መልሼልሃለሁ።

ሄድን። የልጆቹ አባት «ተይ፣ ይቅርብን» ሲለኝ አደረ። ስንወጣ ግን ጫማውን አጥልቆ ተከተለን። እስከ ትምህርት ቤቱ ማዕዘን መጥቶ እዚያው ቆሞ ጠበቀን። እኔም እንደ መከርከኝ ከዕረፍት በኋላ፣ ልጆቼን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ።

ርእሰ መምህሯ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው። የአንድ ልጅ ኮት ቁልፍ እየተከሉ ነበር፤ መርፌውን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ። ከልጆቹ ጀመርኩ፤ ፈተናቸውን አሳየሁ። ፊደሉን አያነቡትም፤ ቁጥሩን ግን እየተከተሉ አዩ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ወረቀት አላችሁ?»

«የለንም።»

«እስከ ዛሬ የት ነው የሚማሩት?»

«ቤት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት አልፏል።»

መርፌውን ኮቱ ላይ ሰካ አደረጉት። «ወረቀት የሌላቸው ልጆች እኮ አሉን። ሲገኝ ያመጣሉ፣ ካልተገኘም ይማራሉ። ይህን የነገረዎት የለም?»

«ማንንም አልጠየቅኩም» አልኩ።

ወንድምጋሼ፣ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዓመት! በሁለት መንገድ ማዶ ያለ በር፣ የሚፈልገው ማንኳኳት ብቻ ነበር። ልጆቼን የቆለፍኩባቸው ፖሊስም፣ መንግሥትም አይደለም፤ የራሴ ይሉኝታና የራሴ ፍርሃት ነው። ድንቡሼ ቀና ብላ አየችኝ። ቋንቋውን ከኔ የበለጠ ታውቃለች፤ የተባለው አንድም አላመለጣትም። እጇን ከእጄ አወጣች።

ይኼኔ አባ ጥያቄ በዚያች ከመስኮት በለቃቀማት ቋንቋው «እዚህ ስንሮጥ ከታች ያሉት ሰዎች አይቆጡም?» ብሎ ጠየቃቸው።

አልገባቸውም። ድንቡሼ አስረዳችላቸው። እንዴት እንዳስረዳቻቸው አልደግምልህም። ሴትዮዋ ተነሥተው ልጁን ወደ መስኮቱ ወሰዱትና ሜዳውን አሳዩት። «ከታች ማንም የለም፤ አፈር ነው። እንደ ልብህ ሩጥ» አሉት። በዚያችው ቅጽበት ሊሮጥ ሲል በኮሌታው ነው የያዝኩት።

እሱ አንደኛ ክፍል ገባ። ድንቡሼ ግን ሦስተኛ ተመደበች፤ ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ ረዳት መምህርት መስላቸው ተነሥተው ሰላም አሏት። ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወልቅ «አልመለስም» አለች። ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አይገባም፤ ስትቀመጥ እንዳትታይ ትጎብጣለች። ምን ልበላት? «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ያሳፈርኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። አሮጌ ሸሚዟን አጠበችና ሰቀለች። በማግስቱ ለብሳው ሄደች። ያንተን የታሸገ ፖስታ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች፤ ምን እንደሚል አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። በመካከላችን ያለው ነገር ገና አልሻረም። የምሰጣትን ትበላለች፣ የምላትን ትሰማለች። ስስማት ግን ጉንጯን ቶሎ ነው የምትወስደው። ይገባኛል። ችዬ እጠብቃለሁ።

ከእንግዲህ ትምህርቱን አትላክልኝ። ውለታህን ልከፍልህ አልችልም፤ ያንተ ወረቀት ባይኖር እነዚህ ልጆች ባዶ እጃቸውን ነበር የሚገቡት። ግን ይብቃህ።

ትናንት ከሥራ ስገባ ቦርሳቸው በሩ ሥር ተጥሏል፣ የአንዱ ጫማ አልጋው ላይ፣ የሌላው ምድጃው አጠገብ። ልጁ ጉልበቱ ተልጧል። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አልኳቸው። ድንቡሼ ከደብተሯ ቀና ሳትል «ምንም» አለች።

«እንዴት ምንም? ሙሉ ቀን ውላችሁ?»

አባ ጥያቄ ዳቦውን በአንድ ጉንጩ ይዞ «ምንም» አለኝ፣ ተነሥቶም ወጣ፤ ደረጃው ላይ የሚጠብቀው ልጅ አለ።

ወንድምጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቼ የተማሩትን አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል አውቅ ነበር። ዛሬ ምን እንደተማሩ አላውቅም።

እኅትህ